ሂፕኖቴራፒ ለወጣቶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንዲት የ15 ዓመት ተማሪ የፈተና ሰሞን በመጣ ቁጥር ሆዷን ይቆርጣታል እንበል። ሰገራዋ ተመርምሯል፣ ደሟ ታይቷል፣ አልትራሳውንድም ተነሥታለች፤ አንዳች አልተገኘም። ሐኪሙ «ሂፕኖቴራፒ ብትሞክር ጥሩ ነው» ሲል እናት ደንግጣ አባትን ታያለች፤ አባት ከወንበሩ ብድግ ሊል ይቃጣዋል። በዚያች ቅጽበት በወላጆች አእምሮ ከሚመላለሱት ሐሳቦች አብዛኞቹ ስሕተት ናቸው፤ ጥቂቶቹ ግን ተገቢ ጥንቃቄ ናቸው። ሁለቱ እንዳይደባለቁ አንድ በአንድ እንያቸው።

«አፍዝ አደንግዝ ነው፤ ከመንፈስ ጋር የተያያዘ ነው»

ይህን ፍርሃት መናቅ አይገባም። አፍዝ አደንግዝ ሲባል የኖርነው የሰውን ልብ ሰውሮ ንብረቱን በገዛ እጁ ያስረክባል ስለሚባል ድግምት ነው፤ ሂፕኖሲስ የሚለውን ቃል የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለትም ይኸው ነው። ሂፕኖቴራፒ በሂፕኖሲስ የሚደረግ ሕክምና ነው፤ በሕክምና ክፍሉ ውስጥ ግን የሚደገምም፣ የሚጨስም፣ የሚጠራም ነገር የለም። ያለው ወንበር፣ የባለሙያው ድምፅና የታካሚው ትኩረት ነው። ለሁኔታው የሚስማማው የአማርኛ ቃል «ተመስጦ» ይመስለናል፦ ልብ ወለድ ይዞ ስሙ ሦስት ጊዜ ሲጠራ ያልሰማ ልጅ፣ ኳስ ሲያይ ወጡ ሲያር ያልሸተተው ወጣት የገባበት ዓይነት ነው። ባለሙያው ያንን ተመስጦ ሆን ብሎ ያመጣዋል፤ ከዚያ ለሕመሙ የሚረዳ ሐሳብ ያቀርብለታል። ይህንን ሐሳብ «ጥቆማ» እንለዋለን።

የሩቁ ታሪክም ለጥርጣሬው ምክንያት ሆኗል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፍራንዝ መስመር የተባለ ሐኪም በሰውነት ውስጥ የሚፈስ የማይታይ መግነጢሳዊ ኃይል አለ ብሎ ያክም ነበር። በ1784 አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ላቮይዜ ያሉበት የፈረንሳይ ንጉሥ አጣሪ ቡድን ፈትኖ ኃይሉ እንደሌለ፣ በሕሙማኑ ላይ የታየው ለውጥ ከምናባቸው የመጣ እንደሆነ ደመደመ። በ1840ዎቹ ደግሞ በማንቸስተር ይሠራ የነበረው ስኮትላንዳዊ ቀዶ ጠጋኝ ጄምስ ብሬድ ከመግነጢስ ነጻ የሆነ ማብራሪያ ሰጠ፤ «ሂፕኖቲዝም» የሚለውን ስምም አስለመደ። ቃሉን የወሰደው እንቅልፍ ከሚለው ግሪክኛ ነው። በኋላ ስሙ እንደሚያሳስት ገብቶት ሊለውጠው ሞከረ፤ ግን ስሙ ጸንቶ ቀረ፣ ቀጣዩንም ስሕተት ወለደ።

«ተኝቶ ነው የሚታከመው፤ ሲነቃ ምንም አያስታውስም»

እንቅልፍ አይደለም። ታካሚው የመኪና ጥሩምባ ይሰማል፣ አፍንጫውን ያካል፣ ይመልሳል፣ አብዛኛውን ጊዜ የተባለውንም ያስታውሳል። ልጆችና በጉርምስና መጀመሪያ ያሉት ደግሞ ዓይናቸውን ገልጠው፣ እግራቸውን እያወዛወዙም ተመስጦ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። ይህን የማያውቅ ጀማሪ ባለሙያ «ዝም ብለህ ተቀመጥ» እያለ ሥራውን ያበላሸዋል።

«ሳይነቃ ቢቀርስ?» ይባላል። ባለሙያው ክፍሉን ጥሎ ቢወጣ እንኳ ወጣቱ ወይ ራሱ ዓይኑን ይገልጣል፣ ወይ እንቅልፍ ወስዶት እንደማንኛውም ቀን ይነሣል። የሚያስፈልገው ጥንቃቄ መጨረሻ ላይ ነው፦ ከ1 እስከ 5 ቆጥሮ፣ ተንጠራርቶ፣ ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አይቶ መውጣት። ለጥቂት ደቂቃ የመፍዘዝ ስሜት ሊኖር ስለሚችል ወዲያው መኪና መንዳት ወይም አስፋልት ማቋረጥ ተገቢ አይደለም።

«ምስጢሩን ያወጣል፤ ያላመነበትን ያደርጋል»

ይህ የመድረክ ትርኢት ያሳደረው ነው። እዚያ የምናየው በፈቃዱ የወጣ፣ ከብዙዎች መካከል የተመረጠ፣ ተመልካች እያጨበጨበለት «አላደርግም» ማለት የከበደው ሰው ነው። እንግሊዝ በ1952 ባወጣችው ሕግ ትርኢቱን በፈቃድ ብቻ አድርጋለች፤ ከ18 ዓመት በታች ያለን ሰውም ለትርኢት መጠቀም ክልክል ነው።

ሂፕኖሲስ እውነት አስወጪ አይደለም፤ ሰው በተመስጦ ውስጥ ሆኖም መዋሸት ይችላል። ትክክለኛው አደጋ ሌላ ነው። በተመስጦ ውስጥ «በልጅነትህ ምን ደርሶብህ ነበር?» እየተባለ የሚጠየቅ ሰው ያልሆነ ነገር እንደሆነ አድርጎ ሊያስታውስ፣ በዚያም እርግጠኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «የተቀበረ ትዝታ ቆፍሬ አወጣለሁ» ከሚል ሰው ልጃችሁን አርቁ።

ወላጆችም አንዳንዴ በተቃራኒው ይመጣሉ፦ «ስልኩን እንዲጠላልን፣ ጥናት እንዲወድ አድርጉልን» ይላሉ። አይሆንም። ጥቆማ የሚሠራው ወጣቱ ራሱ የፈለገው ግብ ላይ ሲያርፍ ብቻ ነው። በመሆኑም የመጀመሪያው ቀጠሮ በአብዛኛው ንግግር ነው፦ ወጣቱ ምን እንዲቀልለት እንደሚፈልግ በራሱ ቃል ይናገራል፤ የነገረው ነገር በሕይወት ላይ አደጋ ከሌለው በቀር ለወላጅ እንደማይነገር ይነገረዋል፤ «በማንኛውም ጊዜ ዓይንህን ገልጠህ ማቆም ትችላለህ» ይባላል። ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በተለይ ቁጥጥር ማጣትን የሚፈራ የ16 ዓመት ልጅን ያረጋጋዋል።

«ደካማ አእምሮ ያላቸው ላይ ብቻ ይሠራል»

በ1959 በስታንፎርድ የተዘጋጀ መለኪያ አለ፤ ሰው ለ12 ጥቆማዎች የሚሰጠው ምላሽ ይመዘገባል። አብዛኛው ሰው መካከል ላይ ይወድቃል፤ በሁለቱ ጫፎች ላይ ያሉት ጥቂቶች ናቸው። ችሎታው በልጅነት መጨረሻ ከፍ ይላል፣ በጉርምስና ትንሽ ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ብዙም አይለወጥም። ከሞኝነት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ በሐሳብ የመመሰጥ ችሎታ ነው፣ ወጣቶችም በዚህ ይታደላሉ።

«ማጽናኛ ነው እንጂ ማስረጃ የለውም»

ወደ ተማሪዋ የሆድ ሕመም እንመለስ፤ ለወጣቶች ጠንካራ ማስረጃ ካለባቸው ቦታዎች አንዱ እዚህ ነው። አንጀትና አንጎል በነርቭ ይነጋገራሉ። አይቢኤስ በሚባለው የአንጀት ሕመም ወይም ምክንያት ባልተገኘለት የሚመላለስ ሆድ ቁርጠት ውስጥ የአንጀት ነርቮች ስሜታቸው ከልክ ያልፋል፤ ሌላው ልብ የማይለው የጋዝ መወጠር ለዚህች ልጅ እንደ ሕመም ይደርሳል። ሕመሙ የውሸት አይደለም፣ «የራስሽ ፈጠራ ነው» ማለትም በደል ነው።

በ1984 ፒተር ሆርዌልና ባልደረቦቹ በማንቸስተር 30 ጽኑ አይቢኤስ ያለባቸውን ሕሙማን ለሁለት ከፍለው ሂፕኖቴራፒ ያገኙት ይበልጥ እንደተሻላቸው አሳዩ። በልጆችና ወጣቶች ላይ ደግሞ በኔዘርላንድስ ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 18 የሆነ 53 ልጆች ተጠኑ፤ ውጤቱ በ2007 ታተመ። ገሚሱ በ3 ወር ውስጥ 6 ጊዜ ሂፕኖቴራፒ አገኙ፤ ገሚሱ መደበኛ ሕክምናና ደጋፊ ምክር። ከአንድ ዓመት በኋላ ሕመሙ የለቀቃቸው ከመጀመሪያው ቡድን 85 በመቶ፣ ከሁለተኛው 25 በመቶ ነበሩ። አምስት ዓመት ሊሞላ ሲል በድጋሚ ሲታዩ 68 በመቶ እና 20 በመቶ ሆኑ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ልዩነቱ ግን ትንሽ አይደለም። በዚያው አገር በ260 ልጆች ላይ ተሠርቶ በ2017 የታተመ ጥናት ደግሞ ቤት ውስጥ በሲዲ የሚደመጥ ልምምድ ከባለሙያ ጋር ከሚደረገው ጋር አነጻጽሮ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ሕክምናው የተሳካላቸው በሲዲው 62 በመቶ፣ ከባለሙያ ጋር 71 በመቶ እንደሆኑ አገኘ። ባለሙያ ለሌለበት ከተማ ይህ ትልቅ ዜና ነው።

ሥራው ሲታይ እንዲህ ነው። ልጅቷ ተመስጦ ውስጥ ከገባች በኋላ እጇን ሆዷ ላይ ታሳርፋለች። መዳፏ እየሞቀ እንደሆነ፣ ሙቀቱም ፀሐይ የመታው ድንጋይ ቀስ ብሎ እንደሚሰጠው ሙቀት ወደ ውስጥ እየገባ እንደሆነ ይነገራታል። ከዚያ አንጀቷን እንደ ወንዝ እንድታይ ትጋበዛለች፦ ተቅማጥ የሚበዛባት ከሆነ ክረምት እንደሞላ ጅረት የሚጋልበው ውኃ እየረጋ ሲሄድ፣ ድርቀት ያለባት ከሆነ የተገደበው ውኃ መንገድ እያገኘ ሲፈስ። ሥዕሉን ራሷ ብታመጣው የተሻለ ነው። አንዷ ወንዝ ትላለች፣ ሌላው የተጨናነቀ አደባባይ ትራፊክ ፖሊስ ሲያስተናግደው ያያል።

ይህ ሁሉ የሚመጣው ግን ከምርመራ በኋላ ነው። ክብደት መቀነስ፣ ሰገራ ላይ ደም፣ የሚመላለስ ትኩሳት፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የዕድገት መዘግየት ካለ ወደ ሐኪም መመለስ ግድ ነው። ጃርዲያ፣ አሜባና የአንጀት ቲቢ ባሉበት አገር ሆድ ቁርጠትን ሳይመረመሩ በጥቆማ ማስታገስ አደገኛ ነው።

ከሆድ ሌላ በመርፌና በሕክምና ሂደት ወቅት የሚሰማን ሕመምና ፍርሃት በመቀነስ፣ በጭንቀትም ረገድ ጥሩ ውጤት ታይቷል። ጭንቀት ላይ ከሌላ የሥነ ልቦና ሕክምና ጋር ሲጣመር ብቻውን ከሚሰጥበት ይሻላል።

«እንግዲያው ለሁሉም ነገር ይሆናል»

ይህም ስሕተት ነው፤ ጉዳቱም ከመጀመሪያዎቹ ይብሳል። «በአንድ ቀጠሮ ሲጋራ ማጨስ አስቆማለሁ» የሚል ማስታወቂያ ብዙ ነው፤ የተገኙት ጥናቶች ግን ሂፕኖሲስ ማጨስን ለማስቆም ከሌሎች ዘዴዎች ይበልጣል ለማለት አያበቁም። ድምፅ የሚሰማው፣ ከእውነታ የራቀ እምነት የያዘው ወጣት በሂፕኖሲስ መታከም የለበትም፤ የሥነ አእምሮ ሐኪም ይየው። ራሱን ስለማጥፋት የሚያስብ ወጣትም የተመስጦ ልምምድ ሳይሆን በዚያው ቀን አስቸኳይ እርዳታ ያስፈልገዋል። ከባድ ጥቃት ያለፈባቸውን ደግሞ በዚያ ላይ የሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ነው ሊነካ የሚገባው። የሚጥል በሽታ፣ የስኳር ወይም የድብርት መድኃኒትን «ሂፕኖቴራፒ ጀምሬያለሁ» ብሎ ማቋረጥ ፈጽሞ አይገባም።

«ባለሙያው ያደርግልኛል፤ አንድ ቀን ይበቃል»

ባለሙያው የሚያስተምረው ችሎታ ነው፤ የሚያድነው የቤት ልምምዱ ነው። የፈተና ፍርሃትን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ልምምዱ ከፈተናው ቢያንስ 3 ሳምንት ቀድሞ፣ በቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጀመር። አልጋ ላይ ሳይሆን ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ አልጋ ላይ እንቅልፍ ይወስዳችኋልና። ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን። ከዓይናችሁ ትንሽ ከፍ ያለ አንድ ነጥብ ግድግዳው ላይ መርጣችሁ ሽፋሽፍታችሁ እስኪከብድ ተመልከቱ፣ ከዚያ ጨፍኑ። በ4 ቆጠራ ወደ ውስጥ፣ በ6 ቆጠራ ወደ ውጭ፣ አሥር ጊዜ ተንፍሱ። ከ10 ወደ 1 እየቆጠራችሁ ደረጃ እንደምትወርዱ አስቡ፤ ታች ስትደርሱ ሰላም የምታገኙበት ቦታ ግቡ። የአያት ግቢ ከሆነ የሚቆላው ቡና ይሽተት፣ ዶሮዋ ትጫር፣ የአግዳሚው እንጨት ከመዳፍ በታች ይሰማ። እዚያ ሆናችሁ አውራ ጣትንና አመልካች ጣትን አጣብቁ፤ ይህ ምልክታችሁ ነው። ቀጥሎ የፈተናውን አዳራሽ አምጡ፦ ወረቀቱ ሲታደል፣ እጅ ሲልበው፣ የማታውቁት ጥያቄ ሲገጥም፣ ጣቶቹ ሲጣበቁ፣ ትንፋሽ ሲረዝም፣ ጥያቄውን ዘላችሁ ወደሚቀጥለው ስትሄዱ። «ቀስ ብዬ አነባለሁ፤ የማውቀውን እጽፋለሁ» በሉ። ከ1 እስከ 5 ቆጥራችሁ ውጡ።

የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በእነዚህ ነው። «አልፈራም» የሚል ጥቆማ ሐሳቡን መልሶ ፍርሃቱ ላይ ያሳርፈዋል። መቶ ከመቶ ማግኘትን ብቻ የሚያስብ ተማሪ የመጀመሪያው ከባድ ጥያቄ ላይ ይፈርሳል፤ አስቸጋሪዋን ቅጽበት መለማመድ የግድ ነው። ትንፋሹን ሲከታተል ይበልጥ የሚጨንቀው ወጣት አለ፤ እሱ ትንፋሹን ትቶ የመዳፉን ክብደት ይከታተል። ወላጅ በየማታው «ሠራህ?» ሲል ልምምዱ የቤት ሥራ ይሆንና ይጠላል። ያልተነበበ ምዕራፍን ደግሞ የትኛውም ተመስጦ አይሞላውም።

«ሰርተፊኬት ያለው ሁሉ ባለሙያ ነው»

እንግሊዝ ውስጥና በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች «ሂፕኖቴራፒስት» የሚለው መጠሪያ በሕግ የተጠበቀ አይደለም፤ የሳምንት መጨረሻ ኮርስ የወሰደ ሰው ሊለጥፈው ይችላል። እስራኤል ግን በ1984 ባወጣችው ሕግ ሥራውን ፈቃድ ላላቸው ሐኪሞች፣ የጥርስ ሐኪሞችና የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ብቻ ፈቅዳለች፤ እዚያ ያሉ ቤተሰቦቻችን ፈቃዱን የማየት መብት አላቸው። የትም ብትሆኑ መጀመሪያ የሚጠየቀው «መሠረታዊ ሙያህ ምንድን ነው? ይህን ሕመም ያለ ሂፕኖሲስ ማከም ትችላለህ?» የሚለው ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ለውጥ ካልታየ ስንተኛው ቀጠሮ ላይ እንደሚያቆም ነው። የቁጥር መልስ የሌለው ሰው ገንዘባችሁን እንጂ ልጁን አላሰበም።

ውጭ አገር ላሉ ቤተሰቦች አንድ ነገር እንጨምር። ጥቆማ የሚሠራው ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ ነው። በአማርኛ የሚጸልይ፣ በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ የሚማር ወጣት የትኛው ቋንቋ ሰውነቱ ድረስ እንደሚገባ እሱ ራሱ ያውቃል፤ ይጠየቅ። «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ያለችውን ልጅ ባለሙያው ጭንቀት ብሎ ተርጉሞ ከሚያልፍ፣ ባር ባር የሚለው የቱ ጋ እንደሆነ በእጇ እንድታሳየው ቢያደርግ እጇን የሚያሳርፍበትን ቦታ አገኘ ማለት ነው። እናትን ወይም አባትን አስተርጓሚ አድርጎ መቀመጥ ግን አይሠራም፤ በወላጅ ድምፅ የመጣ ጥቆማ ትእዛዝ ይሆናል።