«ገባ እኮ!»፦ ስለ ትልቅ ጎማ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰኔ ሲገባ ሱሉልታ ያለው ጋራዤ በር ላይ አንድ ዓይነት ወሬ ይጀመራል። «ጋሼ፣ ጎማዋን ትልቅ አድርጌላታለሁ። ሌላ ምንም አልነካካሁም። ክረምቱን ትችለዋለች አይደል?» ጎማ ስለቀየርክላት ብቻ አትችለውም፣ ወንድሜ። ይህንን መልስ ስሰጥ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሰዉ ገንዘቡን ካወጣ በኋላ ነው የሚጠይቀኝ። ዘንድሮ ቀድሜ ልጻፈው ብያለሁ።

መጀመሪያ ቁጥሩን እናስላ፤ ወደ ታች ደጋግመን እንፈልገዋለን። ብዙ ፕራዶ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ባለ 16 ቸርኬ 265/70 ጎማ ነው። 265 የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። 70 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱን 70 በመቶ ነው። 16 የቸርኬው ልክ ነው፣ በኢንች። ሲደማመር ጎማው ከመሬት እስከ አናቱ 777 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። አሁን ሁሉም የሚመኘው 285/75 ደግሞ 834 ይደርሳል። ልዩነቱ 57 ሚሊሜትር ነው፤ በመቶኛ 7 ያህል።

«መኪናዬ ስድስት ሳንቲም ከፍ አለች።» ሦስት ሳንቲም እንኳ አልሞላችም። መኪናው የሚቀመጠው በጎማው መሀል ላይ ነው፤ ከጭማሪው ግማሹ ከመሀሉ በላይ ይቀራል። እውነቱን ለመናገር ግን ያቺ ሦስት ሳንቲም አትናቅም። የኋላውን ዲፈረንሻል፣ ማለትም በሁለቱ ጎማዎች መሀል ያለውን የማርሽ ቤት፣ ሆዱን ከድንጋይ የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው። ሞላ ብትቀይሩ ቦዲው ይነሳል እንጂ ዲፈረንሻሉ ካለበት አይነቃነቅም።

«ትልቅ ጎማ ብዙ ጭነት ያስችላል።» አያስችልም። የመኪናውን ጭነት የሚወስኑት አክስሉ፣ ባሌስትራው ወይም ሞላውና ፍሬኑ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው፦ «ገባ እኮ! ግቢ ውስጥ መሪውን አዙሬ አይቻለሁ፣ ምንም አይነካም።»

ግቢ ውስጥ የቆመ መኪና ስለ ጎማ የሚናገረው ነገር የለም። ባዶ ነው፣ መሬቱ ደልዳላ ነው፣ ሞላው ተዘርግቷል። ጎማ የሚነካው ሦስት ነገር ሲገጣጠም ነው፦ መኪናው ሰው ጭኖ፣ መሪው ዞሮ፣ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ወይም ጉብታ መትቶ ወደ ላይ ሲገባ። ይህ ደግሞ ከከተማ ወጣ ስትሉ በየደቂቃው የሚያጋጥማችሁ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት ፕራዶውን አመጣልኝ። ወደ ጫንጮ በኩል መሬት አለው፤ በየሳምንቱ ይመላለሳል። 285/75 አስገጥሟል፣ ሌላ ምንም አልተነካም። «ሲታጠፍ ፕላስቲክ የሚፋቅ ድምፅ አለው፣ ግን ይለምዳል ብለውኛል» አለኝ። መኪናውን በክሪክ አንስቼ የቀኙን የፊት ጎማ ፈታሁት። በጎማው ትከሻ ላይ ጥፍሬ እስከ ግማሹ የሚገባበት የተቆረጠ መስመር አለ፤ ዙሪያውን ሙሉ ዞሯል። በአንድ ቦታ ላይ ጎማው ተበልቶ ውስጡ ያለው ክር ብቅ ብሏል። ጣቱን ይዤ አስነካሁት። ከዚያ ከፓራፋንጎው ኋላ ሁለቱ ላሜራ ተጣጥፎ የተበየደበትን ጠርዝ አሳየሁት። ፕላስቲኩ ከተበሳ በኋላ ጎማውን እንደ ቢላ ሲያርሰው የከረመው እሱ ነው። በዚያው ሳምንት ሰኞ እናቱን ይዞ አስፋልት ላይ መቶ ሲነዳ ነበር። ይህንን ሲነግረኝ ጉልበቴ ከዳኝ።

ጎማ አይለምድም። ወይ ላሜራውን ይበላል፣ ወይ ላሜራው ይበላዋል።

ስለዚህ እንዲህ ፈትሹ። የጎማውን ትከሻ ዙሪያውን በጠመኔ ነጭ አድርጉት። ሰው ሙሉ ጫኑ፣ ወይም አራት ኩንታል ጤፍ። አንዱን የፊት ጎማ ትልቅ ድንጋይ ላይ አውጡትና መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ አዙሩ። ሌላውንም ጎማ እንዲሁ። ከዚያ ውረዱና በባትሪ እያበራችሁ እዩ፦ ፕላስቲኩን፣ የፓራውልቱን ጥግ፣ ከውስጥ በኩል ሻንሲውንና የፍሬን ቱቦውን። ጠመኔ የታየበት ሁሉ ነገ የሚፋቅበት ነው። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ጎሚስታው ካልፈቀደላችሁ ሌላ ጎሚስታ ሂዱ።

«እንግዲያው ሞላውን ከፍ ካደረግኩ አበቃ» የሚለኝም አለ። አላበቃም። ረጅም ሞላ መኪናው ቆሞ ሳለ ቦታ ይሰጣል። ጎማው ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ ሲገባ ግን የሚደርሰው እዚያው የድሮው ቦታ ነው። እዚያ ላይ የሚያቆመው ላስቲክ ካልረዘመ ወይም ላሜራውና ፕላስቲኩ ካልተስተካከለ ተመልሶ ይፋቃል።

«ፍሬኑ ያው ነው።» ፍሬኑ ያው መሆኑ እኮ ነው ችግሩ! ጎማው 7 በመቶ ሲያድግ መሬት የሚነካው ከመሀሉ ርቆ ነው። ለማቆም የሚያስፈልገው ጉልበት በዚያው ልክ ይጨምራል። ጎማው ራሱም ይከብዳል፤ እያንዳንዱ አምስትና ከዚያ በላይ ኪሎ ሊጨምር ይችላል፣ ያውም የሚሽከረከር ክብደት። ከሱሉልታ በእንጦጦ ትከሻ ዞራችሁ ወደ አዲሱ ገበያ ስትወርዱ እግራችሁ ይነግራችኋል። እዚያ ቁልቁለት ላይ የጭነት መኪና ፍሬን ሲጨስ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ጎማ ካሳደጋችሁ የፍሬን ሸራችሁን ቀድማችሁ አስፈትሹ፣ በማርሽ ውረዱ።

ጉልበቱም ላይ ያው ሒሳብ ነው። ትልቅ ጎማ ማለት ማርሹ ሁሉ 7 በመቶ እንደረዘመ ማለት ነው። የዲፈረንሻሉ የማርሽ ምጥጥን 4.1 ከነበረ መኪናው 3.8 እንደሆነ ሆኖ ይነዳል። እኛ ደግሞ ያለነው ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ከአየሩ መሳሳት የተነሳ አጥቷል። ከተረፈው ላይ ነው የምትቀንሱት። ከዚያ በኋላ «ፍሪሲዮን ቶሎ አለቀ» ብላችሁ ትመጣላችሁ። ዳገት ላይ በግማሽ ፍሪሲዮን እየተነሳችሁ እንዴት አያልቅ?

ፍጥነቱም ይዋሻል፦ 80 ሲያሳይ 86 እየነዳችሁ ነው። ዘይት በ5,000 የምትቀይሩ ከሆነ 5,360 ሄዳችኋል። ነዳጅ ስታሰሉም በዚያው ልክ አስተካክሉ። ቆጣሪው አሳንሶ ስለሚቆጥር ፍጆታው ከእውነቱ የባሰ ይመስላችኋል።

«ሰፊ ጎማ ጭቃ ላይ ይንሳፈፋል።» አሸዋ ላይ አዎ። የሱሉልታ ሜዳ ግን ዋልካ ነው። ሐምሌ ላይ ይህ አፈር እንደ ሊጥ ነው፤ ጥርሱ መሀል ገብቶ ይደርቅና ጎማው ድፍን ይሆናል። ድፍን ከሆነ በኋላ 265 ሆነ 285 ልዩነት የለውም፤ እኩል ይንሸራተታል። እስቲ የድሮዎቹን ሃርድቶፕ ላንድክሩዘሮች እዩአቸው። ጠባቧን 7.50-16 ጎማ ይዘው ስንት ገጠር ዞረዋል። ጭቃው ከስር ጠንካራ መሬት ካለው ጠባብ ጎማ ሰንጥቆ ይደርስበታል። ስሩ ከሌለው ደግሞ ሰፊው ይሻላል፣ ግን ንፋሱ ከቀነሰ ብቻ።

ንፋስ! ይህን የሚጠይቀኝ ሰው የለም። የጎማውን ንፋስ ከ35 ወደ 20 ፒኤስአይ ስታወርዱት መሬት የሚይዘው ክፍል ይረዝማል፣ ጥርሱም ይንቀሳቀስና ጭቃውን ይተፋል። ወጪ የለውም። አንድ የንፋስ መለኪያና በመኪናው ባትሪ የሚሠራ ትንሽ መንፊያ ያዙ፣ ጭቃው ከመጀመሩ በፊት አስተንፍሱ። አስፋልት ከመውጣታችሁ በፊት መልሳችሁ ሙሉ፤ ባነሰ ንፋስ በፍጥነት መንዳት ጎማውን አግሎ ያፈነዳዋል። ከዚያ ጥርሱ ሰፋ ሰፋ ያለ ጎማ ምረጡ። ከልኩ በፊት ጥርሱን ነው ማየት ያለባችሁ።

ፕራዶ ያላችሁና ትንሽ ከፍ ማለት ከፈለጋችሁ 265/75 በቂ ነው። 804 ሚሊሜትር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጣጣ ይገባል። ቢሆንም ጠመኔውን አትዝለሉ። 285 ካልሆነ የምትሉ ግን ሞላ፣ ሾክ፣ ላሜራ ማስተካከልና አላይመንት አንድ ላይ በጀት ያዙ። ገንዘቡ ዛሬ ካልሞላ ጎማውን አቆዩት። ያገለገለ ስትገዙ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች አንብቡ፦ 2319 ካለ በ2019 እንደ ፈረንጆች፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ጎኑ ተሰነጣጥቆ ከሆነ ተዉት።

አንድ የቀረኝ ነገር ስኮርታ ነው። አራት ገዝታችሁ አሮጌውን ትንሽ ጎማ መለዋወጫ ብላችሁ አታስቀምጡ። ብዙ ፕራዶ አራቱንም ጎማ ሁልጊዜ ነው የሚያዞረው። አንዱ ጎማ በ7 በመቶ ካነሰ ዲፈረንሻሎቹ ቀጥ ባለ መንገድም ያለ ዕረፍት ይፈጫሉ። ሰንዳፋ ላይ ጎማ ፈንድቶበት በትንሿ ስኮርታ እስከ ደብረ ብርሃን ደርሶ የተመለሰ ደንበኛ አለኝ። የዲፈረንሻሉን ዘይት ሳወርደው ጠቁሮ፣ የብረት ዱቄት ይዞ ነው የወረደው። አምስት ግዙ። አምስተኛውም በቦታው መግባቱን፣ በር መክፈት አለመከልከሉን እዚያው ጎሚስታው ጋ እያላችሁ እዩ።