ፍሪቢኤስዲ ጂሲሲን ለምን ተወው? የሚወራውና እውነታው

ፍሪቢኤስዲ የተባለው ክፍት ምንጭ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለዓመታት ይዞት የኖረው ኮምፓይለር (የተጻፈ ኮድን ማሽን ወደሚያስኬደው ፕሮግራም የሚለውጥ መሣሪያ) ጂሲሲ 4.2.1 ነው። የ2007 ዕቃ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ጥር 2014 ላይ የወጣው ፍሪቢኤስዲ 10.0 ግን በተለመዱት የኢንቴልና የኤኤምዲ ማሽኖች ላይ ክላንግ የተባለውን ሌላ ኮምፓይለር ይዞ መጣ። ስለዚህ ለውጥ ብዙ ይወራል፤ ግማሹ ግን ልክ አይደለም።

«አሮጌውን ይዘው የቆዩት ሰንፈው ነው»

ኧረ አይደለም። ነገሩ የፈቃድ ጉዳይ ነው። ሰኔ 2007 ጂሲሲ የሚሠራጭበት፣ ኮዱን አብሮ ማካፈልን የሚጠይቀው የጂፒኤል ፈቃድ ሦስተኛ እትም ወጣ፤ ጂሲሲም ከ4.2.1 በኋላ ወደ እሱ ተሻገረ። ይህ ፈቃድ ሶፍትዌሩን የቤት መገልገያ ውስጥ ከትቶ የሚሸጥ አምራች ላይ ግዴታ ይጥላል፦ ገዢው ያሻሻለውን ቅጂ መልሶ መጫን መቻል አለበት። ፍሪቢኤስዲን ምርታቸው ውስጥ ከትተው የሚሸጡ ኩባንያዎች ደግሞ አሉ። ፕሮጀክቱ አዲሱን ፈቃድ ዋናው ሲስተም ውስጥ ማስገባት አልፈለገም። እዚያው 4.2.1 ላይ ቆመ። ሲ++11 የተባለው የሲ++ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ አዲስ እትም ሲመጣ አሮጌው ኮምፓይለር ቋንቋውን እንኳ አያውቀውም ነበር።

«በጂሲሲ የተሠራ ፕሮግራም ሁሉ ጂፒኤል ይሆናል»

አይሆንም። ጂሲሲ ለዚሁ ብሎ የጻፈው ልዩ ፈቃድ አለው። ያንተ ኮድ ያንተው ነው።

«ክላንግ ፈጣን ስለሆነ ነው»

ክላንግ ቶሎ ኮምፓይል ያደርግ ነበር፤ ስህተት ሲያገኝም ቦታውን በግልጽ ያሳያል። ተሠርቶ ያለቀው ፕሮግራም ፍጥነት ላይ ግን አዳዲሶቹ ጂሲሲዎች ብዙ ጊዜ አይሸነፉም። ዋናው መስህብ እንዲህ ያለ ግዴታ የማይጥለው የክላንግ ፈቃድ ነበር።

«ኮምፓይለር መቀየር የአንድ መስመር ሥራ ነው»

እውነት ነው፣ ኮምፓይለሩን የሚጠራውን ሲሲ የሚባል ትእዛዝ ከጂሲሲ ወደ ክላንግ ማዞር ቀላል ነው። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዋጋ እመልሳለሁ ብሎ ባዶ እጁን የሚመለስ ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ) አለ እንበል። አሮጌው ጂሲሲ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል፤ ክላንግ ግን ስህተት ነው ብሎ ያቆመዋል። የፈንክሽኑን ኮድ በተጠራበት ቦታ አስገባው የሚለው ኢንላይን የተባለ ቃልም አለ። ጂሲሲ 4.2 ከ1989ኙ የሲ ደንብ ተነስቶ ነበር የሚያነበው፤ ክላንግ ደግሞ በ1999ኙ። በዚህ የተነሳ ትናንት ያለ ችግር ይያያዝ የነበረ ፕሮግራም ዛሬ «ፈንክሽኑ የለም» ተብሎ ይመለሳል። ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ራሱ ፕሪንትኤፍ በተባለው ጽሑፍ አውጪ ፈንክሽን ውስጥ የሚጠቀምባቸው፣ ከሌላ ቦታ የማይገኙ ምልክቶች ነበሩት፤ ክላንግ እነሱን ሲያይ ያጉረመርማል። በዚህ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩት የፖርትስ (ፍሪቢኤስዲ ላይ የሚጫኑ የሌሎች ሶፍትዌሮች ስብስብ) ፕሮግራሞች ይጨመሩ።

ስለዚህ ሥራው ዓመታት ወሰደ። ክላንግ በ2010 ገባ። ጥር 2012 የወጣው 9.0 ሁለቱንም ይዞ ነበር፣ ቀዳሚው ግን ጂሲሲ ነው። በልማት ላይ ያለው ቅርንጫፍ ወደ ክላንግ የዞረው ኅዳር 2012 ነው። ለእኔ የድካሙ ትልቁ ትርፍ ፈቃዱ ሳይሆን፣ በአሮጌው ኮምፓይለር ዝምታ ተሸፍነው የኖሩት ስህተቶች መጋለጣቸው ነው።

«ጂሲሲ በዚያው ቀን ተባረረ»

እንደ ሚፕስና ስፓርክ64 ያሉ ሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር ያላቸው ማሽኖች ላይ ክላንግ ገና አልደረሰም ነበር፤ እነሱ በአሮጌው ቀጠሉ። 4.2.1 ከሶርስ ኮዱ የወጣው በ2020 ነው፤ ሚያዝያ 2021 የወጣው 13.0 ያለ እሱ መጣ። ጂሲሲ የሚፈልግ ሰው ግን ዛሬም ከፖርትስ አዲሱን እትም ይጭናል።