«አንዲት ቻይና» ማለት ምንድን ነው?

የቻይናና የታይዋን ነገር በተነሳ ቁጥር «አንዲት ቻይና» የሚለው ሐረግ አብሮ ይመጣል። ብዙ ሰው ጠቡ የድንበር ወይም የመገንጠል ይመስለዋል። አነሳሱ ግን ሌላ ነው። ሁለት መንግሥታት እያንዳንዳቸው «የመላው ቻይና ሕጋዊ መንግሥት እኔ ነኝ» ብለው ነው የተጣሉት። ቻይና አንድ መሆኗን ሁለቱም አምነዋል፤ ያጣላቸው ማን ይግዛት የሚለው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የቺያንግ ካይሼክ ብሔርተኛ ፓርቲ ኩኦሚንታንግና የማኦ ዜዱንግ ኮሚኒስቶች ውጊያ የጀመሩት በ1927 ነው። ጃፓን ስትወራቸው ለጊዜው አብረው ቆሙ፤ እሷ ስትሸነፍ ጦርነታቸው አገረሸ። ማኦ ኦክቶበር 1 ቀን 1949 ቤጂንግ ላይ የቻይና ሕዝባዊ ሪፐብሊክን አወጀ። ቺያንግ በዲሴምበር ወደ ታይዋን ሸሸ። ጦርና ወርቅ ብቻ አልነበረም የያዘው፤ «የቻይና ሪፐብሊክ» የሚለውን ስም፣ ሕገ መንግሥቱን፣ የተባበሩት መንግሥታት ወንበሩንና ፓርላማውን ጭምር እንጂ።

ለእኔ ነገሩን ከሁሉ በላይ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው ይህ ፓርላማ ነው። አባላቱ ከ1949 በፊት ከመላው ቻይና የተመረጡ ናቸው፤ የመረጣቸው አገር ግን በማኦ እጅ ገብቷል። በታይዋን ሕዝብ ብቻ አዲስ ምርጫ ይደረግ ቢባል ያ አገር ከእጃችን ወጥቷል ብሎ ማመን ሊሆን ነው። ስለዚህ እንደራሴዎቹ ወንበራቸው ላይ አረጁ፤ ብዙዎቹም እዚያው ሞቱ። የተረፉት የለቀቁት በ1991 መጨረሻ ነው። ዋጋውን የከፈለው የታይዋን ሕዝብ ነው፦ ከ1949 እስከ 1987፣ 38 ዓመት በወታደራዊ ሕግ ሥር ኖሯል።

ጦርነቱን በቅርብ ማየት የሚፈልግ ኪንመንን ይመልከት። ከቻይናዋ የወደብ ከተማ ከሺያመን ፊት ለፊት ያለች ትንሽ ደሴት ናት፤ የምትተዳደረው ግን ከታይዋን ዋና ከተማ ከታይፔ ነው። ከኦገስት 23 ቀን 1958 ጀምሮ በስድስት ሳምንት ውስጥ 470,000 ገደማ የመድፍ ጥይት ከማኦ ጦር ዘነበባት። ከዚያ በኋላ የሆነው ይበልጥ ይገርማል፦ ወሩ በገባ በ1፣ በ3፣ በ5 እያሉ መተኮስ፣ በ2፣ በ4፣ በ6 ዝም ማለት። ኋላ ኋላ ጥይቱ የሚበትነው የፕሮፓጋንዳ ወረቀት ሆነ። ይህ እስከ 1979 መግቢያ ቀጠለ። የደሴቷ ባለእጆች የወደቀውን ብረት እየቀጠቀጡ የወጥ ቤት ቢላዋ ሠሩበት፤ ዛሬም ኪንመን በቢላዋዋ ትታወቃለች። ማኦ ደሴቷን አለመያዙ በስሌት ነው፤ ኪንመን ከቺያንግ ጋር እስካለች ታይዋንን ከዋናው ምድር ጋር ታያይዛለች።

በዲፕሎማሲውም ሌሎች አገሮች ምርጫቸው አንዱን ብቻ ነበር፤ ለቤጂንግ ዕውቅና የሰጠ ከታይፔ ጋር ይቆራረጣል። ኢትዮጵያ በ1970 ቤጂንግን መረጠች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦክቶበር 1971 ቤጂንግ ሄደው ማኦን አገኙ፤ በዚያው ወር በ25ኛው ቀን የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የቻይናን ወንበር በ76 ድጋፍ፣ በ35 ተቃውሞ፣ በ17 ድምፀ ተአቅቦ ለቤጂንግ ሰጠ። ከደጋፊዎቹ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ዛሬ በአፍሪካ ከታይፔ ጋር የቀረችው ኤስዋቲኒ ብቻ ናት።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላት መለየት አለባቸው። የቤጂንግ የአንዲት ቻይና «መርህ» ታይዋን የቻይና አካል ናት ይላል። የዋሽንግተን የአንዲት ቻይና «ፖሊሲ» ግን ቤጂንግ እንዲህ እንደምትል ሰምቻለሁ ከማለት አያልፍም፤ ለታይዋን የጦር መሣሪያ መሸጡንም አልተወም።

ታይፔ በ1991 ኮሚኒስቶቹን እንደ አማፂ መቁጠሯን አቆመች፤ በ1996 ሕዝቡ ፕሬዚዳንቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ መረጠ። የሰላም ውል ግን እስካሁን አልተፈረመም። ቤጂንግ ያኔ ልታጠፋው የተዋጋችውን «የቻይና ሪፐብሊክ» የሚለውን ስም ዛሬ ታይፔ ብትጥለው መገንጠል ነው ብላ ታየዋለች፤ መገንጠልን ለማስቆም ደግሞ በ2005 ባወጣችው ሕግ ኃይል ለመጠቀም ለራሷ ፈቅዳለች።