ፍሬድሪክ ባርትሌት፦ ትውስታን ከባህል ጋር ያገናኘው ተመራማሪ

በደቡባዊ አፍሪካ የሚኖረው የስዋዚ ሕዝብ መሪ በመሬት ጉዳይ ሊሟገቱ ሹማምንታቸውን ይዘው ለንደን ሄዱ። ሲመለሱ፣ በአገራቸው የሰፈሩ እንግሊዞች ከጉዟቸው ምን ትዝ እንደሚላቸው ጠየቋቸው። ከሁሉ ይበልጥ ቁልጭ ብሎ የቀረባቸው አንድ የትራፊክ ፖሊስ ነበር። መንገድ መሃል ቆሞ፣ እጁን ወደ ላይ አንስቶ መኪና የሚያስቆም ፖሊስ። ስዋዚዎች ሰው ሲያገኙ ሰላም የሚሉት እጃቸውን አንስተው ነው። በዚያ እንግዳ ከተማ የራሳቸውን ሰላምታ ነበር ያዩት።

ይህን ያስተላለፈልን እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፍሬድሪክ ባርትሌት ነው። በ1886 ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፤ አባቱ ጫማ ሠሪ ነበር። በልጅነቱ ስለታመመ ብዙውን የተማረው ቤቱ ሆኖ ነው። ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሳበው አንትሮፖሎጂ፣ የሰዎችን ባህልና አኗኗር የሚያጠናው ዘርፍ ነበር። በዚያ የነበረው አንትሮፖሎጂስት ሪቨርስ ግን መጀመሪያ ሥነ ልቦና አጥና አለው። አጠናም፤ እዚያው ቀረ። በ1922 የሥነ ልቦና ቤተ ሙከራው ኃላፊ፣ በ1931 ደግሞ በዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያው የሙከራ ሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ሆነ። በ1948 የ«ሰር» ማዕረግ ተሰጠው።

በጣም የሚታወቀው ግን በ1932 ባሳተመው «ማስታወስ» በተሰኘ መጽሐፉ ነው። ከእሱ በፊት ትውስታ በአብዛኛው ይጠና የነበረው ትርጉም በሌላቸው ክፍለ ቃላት ነበር፤ ስንቱን ያዝክ፣ ስንቱ ጠፋህ እየተባለ ይቆጠራል። ባርትሌት ሰው እንዲህ አያስታውስም አለ። ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች የተገኘ «የመናፍስት ጦርነት» የሚባል ተረት ወስዶ እንግሊዛውያንን አስነበበ። ከ15 ደቂቃ በኋላ፣ ከዚያም ከቀናት፣ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ የሚያስታውሱትን አስጻፋቸው። ተረቱ እያጠረ ሄደ። ታንኳው ተራ ጀልባ ሆነ። የባሕር እንስሳ ማደኑ ዓሣ ማጥመድ ሆነ። ለእነሱ ስሜት ያልሰጣቸው መናፍስት ከታሪኩ ወጡ። ሰዎቹ እየዋሹ አልነበረም። ተረቱን በሚያውቁት ዓለም ልክ ደግመው እየሠሩት ነበር። ያለፈ ልምዳችን በአእምሯችን የሚይዘውን፣ አዲሱን ነገር የምንረዳበትን ይህን ቅርጽ ባርትሌት «ስኪማ» አለው። ቃሉን ያገኘው ከነርቭ ሐኪሙ ሄንሪ ሄድ ሲሆን፣ ባርትሌት ራሱ ግን ቃሉን እንደማይወደው ጽፏል።

ለእኔ ከዚህ ሥራው ሁሉ የሚበልጥብኝ ስለ ስዋዚ እረኞች የጻፈው ነው። በ1929 ወደ ስዋዚላንድ፣ ወደ ዛሬዋ ኤስዋቲኒ ሄደ። አንድን እረኛ ከአንድ ዓመት በፊት ስለተገዙ ከብቶች ጠየቀው። ሰውየው የእያንዳንዱን ከብት ቀለም፣ ምልክትና ዋጋ እየጠራ ነገረው። ከባለቤቱ መዝገብ ጋር ሲነጻጸር የተገኘበት ስህተት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ባርትሌት ግን «አፍሪካዊ የተለየ ትውስታ አለው» ብሎ አልደመደመም። ለአንድ ልጅ ተራ መልእክት ሰጥቶ ወደ ሌላ ሰው ሲልከው፣ ልጁ ከእንግሊዝ ልጆች የተሻለ አላስታወሰም። ልዩነቱ ከብቱ ነው። ከብት በዚያ አገር ኑሮም ክብርም ነው፤ ሰው ደግሞ ልቡ ያለበትን አይረሳም።

እውነቱን ለመናገር፣ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ስኪማውን ወስደው ባህሉን ብዙ ጊዜ ትተውታል። ተረቱን ለለመዱት ዓለም እንዳስማሙት አንባቢዎች፣ እነሱም ባርትሌትን ለቤተ ሙከራቸው አስማምተውታል ማለት ይቻላል። እርማትም ተደርጎበታል። በ1967 የታተመ ጥናት፣ ሰዎች በጥንቃቄ እንዲያስታውሱ አጥብቀው ሲነገራቸው ከራሳቸው የሚጨምሩት እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ባርትሌት በ1969 አረፈ። በዚያው ዘመን አሜሪካዊው ማይክል ኮልና ባልደረቦቹ ላይቤሪያ ውስጥ ከክፔሌ ሕዝብ ጋር ይሠሩ ነበር። ትምህርት ቤት ያልገቡ ሰዎች የዕቃ ስም ዝርዝር ሲነበብላቸው ብዙ አይዙም ነበር። ዕቃዎቹ ተረት ውስጥ ገብተው ሲነገሯቸው ግን ተረቱን ይዘው አስታወሷቸው።