የመጀመሪያዎቹ ጋላክሲዎች ርቀት እንዴት ይረጋገጣል?

የዩኒቨርስ ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው። እስካሁን ከተገኙት ጋላክሲዎች እጅግ የራቁት ብርሃናቸው ሲነሳ ዩኒቨርስ ገና 300 ሚሊዮን ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላውም ነበር። ፎቶ ላይ ግን ጥቂት ፒክስል የሸፈኑ ደብዛዛ ነጥቦች ናቸው፤ አጠገባቸው ካለ ቅርብ ጋላክሲ በዓይን አይለዩም። ስለዚህ ከባዱ ሥራ ነጥቡን ማግኘት ሳይሆን ርቀቱን ማረጋገጥ ነው።

መለኪያው ቀይ ሽግሽግ ይባላል። ብርሃን ሲጓዝ ጠፈር ስለሚለጠጥ የሞገድ ርዝመቱ አብሮ ያድጋል። ሽግሽጉ 14 ከሆነ ሞገዱ 15 እጥፍ ረዝሟል ማለት ነው (በቁጥሩ ላይ ሁልጊዜ 1 ይደመራል)። በዚያ ዘመን ጠፈርን የሞላው ሃይድሮጅን ከ121.6 ናኖሜትር ያጠረውን ብርሃን ይውጠዋል። ይህ ድንበር በሽግሽግ 14 ወደ 1.82 ማይክሮሜትር፣ ማለትም ዓይን ፈጽሞ ወደማያየው ኢንፍራሬድ ይሸጋገራል። ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የመጠቀው የጄምስ ዌብ የጠፈር ቴሌስኮፕ 6.5 ሜትር መስታወቱን ወደ −230 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ አቀዝቅዞ የሚሠራው፣ የራሱ ሙቀት ይህንን ደካማ ብርሃን እንዳይሸፍንበት ነው።

የሩቅ ጋላክሲ እጩዎች የሚመረጡት አንድን የሰማይ ክፍል በተለያዩ ማጣሪያዎች ደጋግሞ በማንሳት ነው። ሽግሽጉ 14 የሆነ ጋላክሲ በ1.15 እና በ1.5 ማይክሮሜትር ማጣሪያዎች አይታይም፣ በ2 ብቅ ይላል፣ በ2.77 ይጎላል።

ስህተት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ሲርስ-93316 የተባለ ጋላክሲ ሽግሽጉ 16 ገደማ ተብሎ ተገመተ። በማግስቱ ዓመት ስፔክትረሙ (ብርሃኑ በሞገድ ርዝመቱ ተዘርዝሮ) ሲነሳ 4.9 ሆኖ ተገኘ። አጭሩን ሞገድ የሸፈነው የጋላክሲው የራሱ አቧራ ሲሆን፣ በ2.96 እና በ3.88 ማይክሮሜትር ላይ ያረፉት ብርቱ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን መስመሮች (ንጥረ ነገሮቹ በተወሰነ ሞገድ የሚያፈልቁት ብርሃን) ደግሞ ረጃጅሞቹን ማጣሪያዎች አድምቀው የሩቅ ጋላክሲ መልክ ሰጡት። በዚህ የተነሳ ስፔክትረም ያልተነሳለት ጋላክሲ እጩ እንጂ ክብረ ወሰን ተብሎ መጻፍ የለበትም።

ስፔክትረም የሚያነሳው የጄምስ ዌብ መሣሪያ ኒርስፔክ ወደ 250,000 የሚጠጉ፣ እያንዳንዳቸው 0.1 በ0.2 ሚሊሜትር የሆኑ መዝጊያዎች አሉት። በተመረጡት ጋላክሲዎች ላይ ያሉት ብቻ ይከፈታሉ፤ በአንድ ጊዜ ከመቶ በላይ ጋላክሲ ይለካል። ተዘግተው የቀሩ መዝጊያዎች ስላሉ ጥሩ እጩ እነሱ ላይ ካረፈ ሊታለፍ ይችላል።

ጄደስ-ጂኤስ-ዜድ14-0 የተባለውን ጋላክሲ መሣሪያው በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ለ10 ሰዓት ያህል ተከታትሎት ሽግሽጉ 14.32 ተባለ። ይሁን እንጂ በዙሪያው ያለው ሃይድሮጅን የድንበሩን ጠርዝ ስለሚያደበዝዘው ቁጥሩ ሰፊ የስህተት ህዳግ ነበረው። ቺሊ የሚገኘው አልማ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ በ88 ማይክሮሜትር የተነሳውን የኦክስጅን መስመር 1.34 ሚሊሜትር ሆኖ አገኘውና ሽግሽጉን 14.18 ላይ አጸናው። ከቁጥሩ በላይ የሚያስደንቀው ኦክስጅኑ ራሱ ነው። ኦክስጅን የሚሠራው በከዋክብት ውስጥ በመሆኑ፣ በዚያን ጊዜ ግዙፍ ከዋክብት ተወልደው፣ ኖረው፣ ፈንድተው ነበር ማለት ነው።

በ2025 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ሞም-ዜድ14 ደግሞ በሽግሽግ 14.44 ዩኒቨርስ 280 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወደነበረበት ጊዜ ዝቅ ብሏል፤ ስፔክትረሙም ከካርቦን አንጻር ብዙ ናይትሮጅን ያሳያል።