ሜልድ ምንድን ነው? የወረፋ ቁጥር አይደለም!

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «አሜሪካ ያሉት አጎቴ ለጉበት ንቅለ ተከላ ሁለት ዓመት ሲጠብቁ፣ ባለፈው ሳምንት የተመዘገበ ሰው ቀደማቸው። ይሄ ጉቦ ካልሆነ ምንድን ነው?» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ሌላው «ሜልዱ 28 ከሆነ እኮ የመዳን ዕድሉ 28 በመቶ ነው» ብሎ አብራራለት። ሁለቱም ተሳስተዋል። ይህን ስሰማ ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ።

ሜልድ ከደም ምርመራ የሚሰላ፣ ከ6 እስከ 40 የሚደርስ ነጥብ ነው። የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይህ ሰው አዲስ ጉበት ካላገኘ በሦስት ወር ውስጥ የመሞት አደጋው ምን ያህል ነው? ነጥቡ ሲጨምር አደጋው ይጨምራል። መቶኛ ግን አይደለም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ስንት ዓመት እንደምትኖርም አይናገርም።

ወደ አጎትየው ልመለስ። የታክሲ ሰልፍ አስቡ። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይገባል፣ መሀል የገባ ይጮህበታል። እዚህ ግን ወያላው ከሰልፉ ጫፍ እስከ ጫፍ እየተመላለሰ ማን ሊወድቅ እንደደረሰ ያያል። የሚያስገባው እሱን ነው። ትናንት ሦስተኛ ነበርክ፤ ዛሬ ካንተ የባሱ አራት ሰዎች መጡ፤ ሰባተኛ ሆንክ። ማንም አልቀማህም። ታክሲው ደግሞ ባለ አንድ ወንበር ነው፣ ወንበሩም የደም ዓይነትና የሰውነት ልክ ይመርጣል። (እንዲህ ያለ ታክሲ እንደሌለ አውቃለሁ።) የቆይታ ጊዜ የሚታየው ነጥብ እኩል ሲመጣ ነው። አሜሪካ ውስጥ እስከ 2002 እ.ኤ.አ. ድረስ ቆይታ ብዙ ይመዝን ስለነበር፣ ብዙም ሳይታመም ቀድሞ የተመዘገበ ይጠቀም ነበር።

ነጥቡ ደግሞ ይወጣል፣ ይወርዳል። ቢሊሩቢኑ (ጉበት የሚያስወግደው ቢጫ ቆሻሻ) 4፣ አይኤንአሩ (ደም ለመርጋት የሚወስድበት ጊዜ መለኪያ) 2፣ ክሪያቲኒኑ (ከጡንቻ የሚመጣ፣ ኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ) 1 የሆነ ታማሚ በመጀመሪያው የሜልድ ቀመር 19 ያገኛል። ሆዱ ውስጥ ለተጠራቀመው ውሃ የታዘዘለት የሚያሸና ክኒን በዝቶበት ክሪያቲኒኑ 2 ከገባ 26 ይሆናል። ጉበቱ ያው ነው፤ የተጎዳው ኩላሊቱ ነው። ክኒኑ ሲቀነስለት ነጥቡም ይወርዳል። ያኔ ቤተሰብ «ለምን ቀነሳችሁብን?» ብሎ ይደውላል። እንኳን ደስ አላችሁ ስላቸው ይቆጣሉ።

ጉድለትም አለው። ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው አይኤንአሩ በመድኃኒቱ ስለሚጨምር ነጥቡ ያለ አግባብ ከፍ ይላል። የሆድ ውሃ፣ ማሳከክ፣ የአእምሮ መደናገር አይቆጠሩም። ሴቶች ጡንቻቸው አነስተኛ ስለሆነ ክሪያቲኒናቸው ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ለዓመታት ተበድለዋል። በ2023 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የገባው አዲሱ ቀመር፣ ሜልድ 3.0፣ ይህን ለማካካስ ፆታን ጨመረ። ለአንዳንድ የጉበት ካንሰር ታማሚዎችም ነጥብ ለብቻ ይሰጣል። ሕንድ ሄዶ ከእህቱ ወይም ከወንድሙ ቁራጭ ጉበት ለሚወስድ ደግሞ ሜልድ ወረፋ አያስይዝም፤ ለጋሹን ይዞ ነው የሚሄደው።

ስለ አጎቱ የጻፈውን ልጅ «የአጎትህ ነጥብ ስንት ነው?» አልኩት። «12» አለኝ። ከ15 በታች ላለ ሰው፣ በአብዛኛው፣ በመጀመሪያው ዓመት ከመጠበቅ ይልቅ ቀዶ ሕክምናው ራሱ ያሰጋል። «ታዲያ ምን ሊያደርጉ መዘገቧቸው?» አለኝ። አሁን ጥያቄ መጣ። አንድ ኢንፌክሽን ወይም አንድ ደም መፍሰስ 12ን በሳምንት 30 ሊያደርገው ይችላል። ያን ቀን፣ ከንቅለ ተከላው በፊት የሚያስፈልገው የልብ ምርመራ ገና አልተጀመረም ማለት አይቻልም።