በወሎ ለልጅ ኦፕራሲዮን ቀን ሲቆረጥ

በወሎ ለሠርግ ቀን ይቆረጣል። ለልጅ ኦፕራሲዮንም እንደዚያው ነው። ሕመሙ ድንገተኛ ካልሆነ ሐኪሙ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ይሁን ወይስ ይቆይ የሚለውን ግን ቤተሰቡ ቡና ላይ ይመክርበታል። አያት ሳትጠየቅ የሚቆረጥ ቀን ጥቂት ነው።

አብዛኛው ሰው የሪፈር ወረቀቱን ይዞ የሚመጣው ደሴ ነው። የደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከወሎም አልፎ ለአፋር ሕሙማን ጭምር አለኝታ የሆነ ቤት ነው። ወልድያም ሆስፒታል አላት። ቦሩ ሜዳ በዓይንና በቆዳ ሕክምና ስሙ የታወቀ ነው። እዚህ የማይሠራው አዲስ አበባ ይላካል። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

መጀመሪያ የሚታየው የልጁ ዕድሜ ነው። ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃን ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይሠራለታል፤ ክብደቱና የደሙ መጠን ግን መድረስ አለበት። ላንቃው ከተሰነጠቀ ከ9 እስከ 18 ወር ይጠበቃል። ያልወረደ የዘር ፍሬ ከ6 ወር በኋላ ይታያል፤ 18 ወር ሳይሞላው ቢሠራ ይመረጣል። የእምብርት እብጠት አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ስለሚገጥም እስከ 4 ወይም 5 ዓመት ይታገሡታል። ብሽሽት ላይ ወጣ ገባ የሚለው ቡአ ግን ሌላ ነው። አንጀት ሊታነቅበት ይችላል፤ በተለይ በጨቅላ ላይ። «አዝመራው ይግባና» ተብሎ መቆየት የለበትም። እብጠቱ ጠጥሮ አልመለስ ካለ፣ ልጁም ካለቀሰና ካስመለሰው፣ ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል ነው።

ቀኑ ሲቆረጥ እርሻውም ይታያል። በቃሉና በሐርቡ በኩል ማሽላው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ስለሚሰበሰብ አባት አስታማሚ ሆኖ መቀመጥ አይሆንለትም። እንደ ደላንታ ባለው ደጋ ደግሞ የበልግ ዘር ጥርና የካቲትን ይይዛል። ተማሪ ያለው ቤት ክረምትን ይመርጣል። «ክረምት ላይ ቁስል አይደርቅም» የሚሉ አሉ፣ «በበጋ ምች ይመታዋል» የሚሉም አሉ። በንጽሕና የተያዘ ቁስል ግን በሁለቱም ወቅት ይድናል። ሙስሊሙ ከረመዳን፣ ክርስቲያኑ ከሁዳዴ ወዲያ ቢሆን ይመርጣል። አስታማሚዋ እየጾመች ሌሊት መቀመጡ ይከብዳታል። ወዳጃ (የጸሎት ስብስብ) ተቀምጦ ዱአ ሳይደረግ፣ ወይም ለማርያም ሳይሳሉ ከቤት የማይወጡም ብዙ ናቸው።

ገንዘቡም አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 በአገር ደረጃ ሲሞከር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ የእኛዋ ተሁለደሬ ነበረች። የመድኑ መታወቂያ ያልታደሰለት ቤተሰብ እስኪያድስ ቀኑን ይገፋል።

በ2014 ቀን መቁረጥ የሚባል ነገር ቀርቶ ነበር። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014፣ ደሴ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 በጦርነቱ ተይዘው ቆዩ። ሆስፒታሎቹ ተዘረፉ፣ መሣሪያቸው ተሰባበረ። የሚታገሥ የተባለው ሕመም ሁሉ ወደ ኋላ ቀረ፤ ቀጠሮ ከሚጠብቁት ልጆች የኦፕራሲዮን ዕድሜያቸው ያለፈባቸው ነበሩ። ባለሙያዎቹ ከባዶ ክፍል ተነሥተው ሥራውን መልሰው ማቆማቸው ሊነገርላቸው ይገባል።

ተቆርጦም የሚፈርስ ቀን አለ። ልጁ ንፍጥና ሳል ይዞት ትኩሳት ካለው ሐኪሙ 2 ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ያራዝመዋል። ምግብም ነገሩን ያበላሸዋል። ከሰመመን በፊት ምግብ 6 ሰዓት፣ የጡት ወተት 4 ሰዓት፣ ንጹሕ ውኃ 2 ሰዓት ቀድሞ መቆም አለበት። ሌሊት ከሐይቅ ከተማ የተነሣ ሕፃን ደሴ ሲደርስ ርቦት ያለቅሳል። አያት «አብሽር የኔ ሸጋ» ብላ ከጋቢዋ ሥር ቁራሽ ዳቦ ታቀብለዋለች። ነርሷ በልቷል ወይ ስትል እናት አንዴ ልጇን፣ አንዴ አማቷን ታያለች። እውነቱን ከተናገረች ኦፕራሲዮኑ ለሌላ ቀን ይተላለፋል፤ ልጁ ግን በሰመመን ሳለ የበላው ወደ ሳንባው ከመግባት ይተርፋል።